ስቱ ኡንጋር፦ ባዶ ወንበሩ ሳይቀር ያሸነፈለት ቁማርተኛ

ወንበሩ ባዶ ነው። ከፊቱ ጠረጴዛው ላይ ግን ቺፕ የሚባለው ክብ ክብ የመጫወቻ ገንዘብ ተቆልሏል። ካርታ አዳዩ ለሌሎቹ ተጫዋቾች ሁለት ሁለት ካርታ ሲያድል ለባዶው ወንበርም ሁለት ይጥልለታል። የሚያነሳቸው ሰው ስለሌለ መልሶ ይሰበስባቸዋል። የግዴታ ውርርድ የማስያዝ ተራው ሲደርስ ደግሞ ከቁልሉ ላይ ቆጥሮ ወደ መሃል ይገፋል። ቁልሉ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ቁጭ ብለው የሚያስቡት፣ የሚያልባቸው ተጫዋቾች እየተሸነፉ ተነስተው ይሄዳሉ። ባዶው ወንበር ግን አሁንም አለ።

ጊዜው 1990 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ቦታው ላስ ቬጋስ፣ ቢኒየንስ ሆርስሹ የተባለው ካዚኖ ነው። ውድድሩ ደግሞ በፖከር ዓለም ትልቁ፣ የዓለም የፖከር ሻምፒዮና። የወንበሩ ባለቤት ስቱ ኡንጋር በውድድሩ ሦስተኛ ቀን አልመጣም። ሲፈለግ ሆቴል ክፍሉ ወለል ላይ ራሱን ስቶ ተገኘ፤ ዕፅ ከልክ በላይ ወስዶ ነበር። በቀደሙት ቀናት የሰበሰበው ቺፕ ግን በጣም ብዙ ስለነበር፣ እሱ በሌለበት በየዙሩ እየተቀነሰበት እንኳን ዘጠነኛ ወጣ። ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ተሸለመ።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ሳነበው ሳቄ ነው የመጣው። እንዴ፣ ሰውዬው በሌለበት ያሸንፋል? ቆይቼ ሳስበው ግን የስቱ ኡንጋር ሕይወት በሙሉ እዚያች ባዶ ወንበር ላይ ያለ መሰለኝ። ለምን እንደመሰለኝ ለማስረዳት ከባር መጀመር አለብኝ።

የባር ልጅ

ስቱ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1953 ኒው ዮርክ ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ያደገው ሎወር ኢስት ሳይድ በተባለው የማንሃተን ሰፈር ነው። አባቱ አይዶ፣ ፎክስስ ኮርነር የሚባል ባር ነበረው። ከውጭ ሲያዩት መጠጥ ቤት ነው፤ ውስጡ ግን ቁማር ቤትም ነው። አይዶ የውርርድ ገንዘብ ይቀበላል፣ በአራጣም ያበድራል።

ቁማር የሚያጫውት ሰው ከተጫዋቹ በተሻለ አንድ ነገር ያውቃል። ተጫዋቾቹ እርስ በርስ ቢሸናነፉ ገንዘቡ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ ነው የሚሄደው። ቤቱ ግን ከማንም ይምጣ ከማን ድርሻውን ይቆርጣል። ጨዋታው በረዘመ ቁጥር የቤቱ ድርሻ እየጨመረ፣ የተጫዋቾቹ ጠቅላላ ገንዘብ እየቀነሰ ይሄዳል። ኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል ውስጥ ሴሚስተር የፈጀብንን ነገር የባር ልጅ በዓይኑ እያየው ያድጋል ማለት ነው።

አይዶ ደንበኞቹ ላይ የደረሰውን ያውቅ ስለነበር ልጁን ከቁማር ሊያርቀው ሞክሯል። አልተሳካለትም። ልጁ ያደገው ገንዘብ የሚያገኘው ሰው ከባንኮኒው ጀርባ በሚቆምበት ቤት ውስጥ ነው። እሱ ግን የወደደው ከባንኮኒው ወዲህ ያለውን ወንበር ሆነ።

የያዘው ጨዋታ ጂን ራሚ ይባላል። ካርታ እየሳቡና እየጣሉ፣ ተመሳሳይ ወይም ተከታታይ ቁጥር እያሰባሰቡ የሚጫወቱት ነው። ኮንከር የምትጫወቱ ካላችሁ አካሄዱ አዲስ አይሆንባችሁም። ስቱ ገና በ10 ዓመቱ የሰፈር ውድድር እንዳሸነፈ ይነገራል። የተጣሉትን ካርታዎች በሙሉ ያስታውሳል፤ ከዚያ ተነስቶ ተጋጣሚው እጅ ላይ ምን እንዳለ ይገምታል። ግምቱ ደግሞ አይስትም።

አባቱ በልብ ሕመም ሲሞት ስቱ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ነበር። እናቱም በስትሮክ ታመመች። ልጁ ትምህርቱን አቋርጦ እናቱንና እህቱን በካርታ ማስተዳደር ጀመረ። በወንጀሉ ዓለም ስሙ የሚታወቅ ቪክቶር ሮማኖ የተባለ ሰው እንደ አባት ሆነለት፤ የሚጫወትበትን ቦታ ያመቻችለታል፣ ማንም እንዳይነካው ይከላከልለታል። ቀጭንና አጭር፣ ፊቱ የሕፃን የሚመስል ይህ ልጅ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሲደርስ በኒው ዮርክ የጂን ተጫዋቾች ዘንድ የሚፈራ ሰው ሆኖ ነበር። በዘመኑ ከምርጦቹ አንዱ የነበረውን ሃሪ ስታይንን 86 ለ0 እንዳሸነፈው ይነገራል።

ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በጣም ጎበዝ ስትሆን የሚጫወትህ ሰው ይጠፋል። ስቱ ለተጋጣሚዎቹ ብልጫ መስጠት ጀመረ፤ ለምሳሌ ከካርታው ሥር የምትቀረዋን የመጨረሻ ካርታ አስቀድመው እንዲያዩ ይፈቅድላቸው ነበር። ያም ሆኖ ያሸንፋቸዋል። በጂን ያገኘውን ግን ቤቱ ይዞት አይገባም። ወደ ፈረስ እሽቅድምድም ይሄድና ይወራረድበታል። በፈረስ ላይ ደግሞ ያ ሁሉ የማስታወስ ችሎታ አይሠራም። ዕዳው ሲበዛበት ኒው ዮርክን ለቅቆ ማያሚ፣ ከዚያም በ1970ዎቹ መገባደጃ ላይ ላስ ቬጋስ ገባ።

ላስ ቬጋስም ብዙ አልቆየችም፣ ለጂን በሯን ዘጋችበት። እሱ ካለ ሌሎቹ ስለማይመዘገቡ አዘጋጆቹ ከጂን ውድድር እንዲቀር ጠየቁት። ብላክጃክ የሚባለው ጨዋታም ተመሳሳይ ሆነ። የካዚኖ ባለቤቱ ቦብ ስቱፓክ ከስድስት ጥቅል የተደባለቀ ካርታ ያለፈውን አይቶ የቀረውን መናገር አይችልም ብሎ በ100 ሺህ ዶላር ተወራረደው። ስቱ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ካዚኖዎቹ ብላክጃክ አላስጫውትህ አሉት። ቤቱ የሚወደው የሚሸነፍ ደንበኛን ነው፤ ይህን አባቱም ያውቅ ነበር።

የቀረው ፖከር ነበር።

ውድድር እንዴት ነው የሚሠራው?

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ምክንያቱም የጽሑፌ ዋና ነገር ያለው እዚህ ጋ ነው።

ፖከር በሁለት መንገድ ይጫወታሉ። አንደኛው በእውነተኛ ገንዘብ ነው። ያለህን ታስቀምጣለህ፣ ከተበላህ ከኪስህ ትጨምራለህ፣ እንደገና ከተበላህ ትበደራለህ። ማለቂያ የለውም። ሁለተኛው ውድድር ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት መግቢያ ይከፍላል፣ ሁሉም እኩል ቺፕ ይቀበላል። ቺፑ በራሱ ገንዘብ አይደለም፤ መሃል ላይ ልመንዝር ብትል ማንም አይመነዝርልህም። የግዴታ ውርርዱ ደግሞ በሰዓት እየተቆጠረ ያድጋል፤ እንዲህ ባይሆን ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ ጥሩ ካርታ ሲጠብቅ ያድራል። ቺፕህ ካለቀ ጨዋታው አለቀብህ፤ ተነስተህ ትሄዳለህ። የመጨረሻ የቀረው ሰው ሻምፒዮን ይሆናል። ሽልማቱ ከተሰበሰበው መግቢያ ነው የሚመጣው።

ይህን ሥርዓት ታዋቂ ያደረገው የሆርስሹ ካዚኖ ባለቤት ቤኒ ቢኒየን ነው። በ1970 ታላላቅ ተጫዋቾችን ሰብስቦ ሻምፒዮናውን ጀመረ። የመጀመሪያው ዓመት አሸናፊ ጆኒ ሞስ በድምፅ ብልጫ ነበር የተመረጠው። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ግን አሁን የገለጽኩት ሕግ ተተከለ፤ መግቢያውም ብዙ ሳይቆይ 10 ሺህ ዶላር ሆነ።

ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ያው ሕግ በየሰፈሩ ባር ወርዷል። በተለይ በ2003 ክሪስ መኒሜከር የተባለ አማተር የሒሳብ ሠራተኛ ሻምፒዮናውን ካሸነፈ ወዲህ፣ ደንበኛ በማይበዛባቸው ምሽቶች ባሮች የአማተር ውድድር ማዘጋጀት ለምደዋል። ብዙ ጊዜ መግቢያ አይጠየቅም። አንዱ ሰዓት ይይዛል፣ አንዱ ቺፕ ያድላል፣ ሕጉን ለአዲስ ሰው ያስረዳል። የባሩ ባለቤት ትርፉን የሚያገኘው ከቢራውና ከጥብሱ ነው። አሸናፊው ነጥብ ወይም አነስተኛ ስጦታ ይዞ ይሄዳል። የሚሸነፈው ደግሞ የጠፋበት ምሽቱ ብቻ ነው።

አያችሁ፣ መግቢያው ነፃም ይሁን 10 ሺህ ዶላር፣ ውድድር አንድ ትልቅ ነገር ያደርጋል፦ ለኪሳራህ ጣሪያ ያበጃል። ከከፈልከው በላይ ልትከስር አትችልም። ተነስ የሚልህ ሕግ አለ። የስቱ ኡንጋር ታሪክ የሚገባኝ ከዚህ አንጻር ነው።

ልጁ

በ1980 ስቱ 10 ሺህ ዶላር ከፍሎ ሻምፒዮናው ውስጥ ገባ። የውድድሩን ጨዋታ፣ ቴክሳስ ሆልደም የሚባለውን፣ ገና መልመዱ ነበር። 73 ሰው ተመዝግቧል። አንድ በአንድ ጣላቸውና የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ከዶይል ብሩንሰን ጋር ቀረ። ብሩንሰን ሁለት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ፣ ስለ ፖከር መጽሐፍ የጻፈ ግዙፍ ሰው ነው። በመጨረሻው እጅ ብሩንሰን ሁለት ጥንድ ይዞ ነበር። ስቱ ከአንድ እስከ አምስት ያለውን ተከታታይ ለመሙላት አንዲት 3 ቁጥር ነበረች የቀረችው። 3 ቁጥር መጣች። በ26 ዓመቱ፣ እስከዚያ ጊዜ ከነበሩት ሁሉ ወጣቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሰዎች ልጁ ብለው ጠሩት፤ ቅጽሉም ዕድሜ ልኩን አልለቀቀውም።

በ1981 ደግሞ ተመልሶ አሸነፈ። ከሁለቱ ውድድሮች ብቻ በ700 ሺህ ዶላር አካባቢ አገኘ። በዚያ ዘመን ብር ስታስቡት ቤት ገዝቶ፣ የተረፈውን ባንክ አስቀምጦ ዕድሜ ልክ የሚያኖር ነው። ስቱ ግን ከባንክ ጋር አይተዋወቅም። ገንዘቡን የሚያስቀምጠው በሆቴሎች የአደራ ሳጥን ውስጥ ነበር፤ በማንኛውም ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ አውጥቶ ለመወራረድ እንዲመቸው።

ጣሪያ የሌለው

ከጠረጴዛው ሲነሳ ሌላ ሰው ይሆናል። በፈረስ ይወራረዳል፣ በአሜሪካ እግር ኳስ ይወራረዳል፣ ዳይስ ይጥላል። ጎልፍ በቅጡ ሳይችል ከሚችሉት ጋር በገንዘብ ይጫወታል፤ መጀመሪያ ሜዳ በወጣበት ቀን ገና የልምምዱን ሣር ሳይለቅ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር እንደተበላ ይተረካል።

ያው አእምሮ፣ ያው ሰው ነው። ታዲያ ለምን? መልሴ ይህ ነው። ፖከር ጠረጴዛ ላይ ሁለት ነገር ነበረው፤ ከሌሎቹ የሚበልጥ ችሎታና ቺፑ ሲያልቅ ተነስ የሚለው ሕግ። ፈረሱ ጋ ሁለቱም የሉም። በእሽቅድምድም ውርርድ በአማካይ የሚያሸንፈው ድርሻውን የሚቆርጠው አወራራጅ ነው። ሕጉም አትነሳ የሚል አይደለም፣ ተነስ የሚልም አይደለም፤ ዝም ነው። ስቱ ደግሞ ራሱን ተነስ ማለት የማይችል ሰው ነበር።

እናቱ በ1979 ከሞተች በኋላ ኮኬይን ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ረጅም ሌሊት ነቅቶ ለመጫወት ነበር የተጠቀመበት፤ በኋላ ግን ያለ ጨዋታም የሚፈልገው ሆነ። በ1982 አገባ፣ ሴት ልጅ ወለደ፣ የሚስቱን ልጅም እንደ ልጁ አሳደገ። በ1986 ትዳሩ ፈረሰ። በ1989 ያሳደገው ልጅ ራሱን አጠፋ። ከዚያ በሚቀጥለው ዓመት ነው እንግዲህ ያ ባዶ ወንበር የታየው።

አሁን ወንበሩን እንደገና አስቡት። ሕጉ ስለ ሰውዬው ምንም አያውቅም። መታመሙን፣ ማዘኑን፣ ወለል ላይ መውደቁን አያውቅም። የሚያውቀው በየዙሩ ስንት ቺፕ እንደሚነሳ ብቻ ነው። ቆጥሮ አነሳ፣ ሲያልቅ አቆመ። ስቱ ወንበሩ ላይ ሳይኖር ትርፍ ያገኘው ለዚህ ነው። ከዚያ ሕግ ውጭ ሲሆን ግን በአካል ተገኝቶም ይከስር ነበር።

1997

የ1990ዎቹን አጋማሽ በዕዳና በሱስ አሳለፈ። በ1997 ሻምፒዮናው ሲደርስ መግቢያ የሚከፍለው አልነበረውም። ቢሊ ባክስተር የተባለ የድሮ ወዳጁ ምዝገባው ሊዘጋ ሲል 10 ሺህ ዶላሩን ከፈለለት፤ ያሸነፈውን እኩል ሊካፈሉ ተስማሙ። ስቱ በመጀመሪያው ቀን ድካም ሊጥለው ነበር። ክብ ሰማያዊ መነጽር አድርጓል፤ ኮኬይን አፍንጫውን ጎድቶት ስለነበር ሰው እንዳያይበት ነው።

312 ተወዳዳሪ ነበር። ቀን በቀን እያነሰ ሄዶ የመጨረሻው ጠረጴዛ በላስ ቬጋስ ፍሪሞንት ጎዳና ላይ፣ ካዚኖው ደጅ፣ ሙቀቱ ውስጥ ተዘረጋ። ሕዝብ ከቦ ያያል፣ ቴሌቪዥን ይቀርፃል። በመጨረሻው እጅ ከጆን ስትረምፕ ጋር ሲፋጠጥ እየተሸነፈ ነበር። የመጨረሻዋ ካርታ 2 ቁጥር ሆና መጣች፤ ከአንድ እስከ አምስት ያለው ተከታታይ ሞላ። ከ17 ዓመት በፊት ብሩንሰንን ያሸነፈበት ያው ተከታታይ ነው። ሽልማቱ 1 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በዚህ የውድድር ሕግ ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ እሱ ብቻ ነው። ካሜራው ፊት የሴት ልጁን ፎቶ አውጥቶ አሳየ። ድሉ ለእሷ ነበር።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ፊልም ይወጣው ነበር። ግን የድርሻው ግማሽ ሚሊዮን ዶላር በወራት ውስጥ በዕፅና በስፖርት ውርርድ አለቀ። በ1998 ሻምፒዮናው ሲመለስ ባክስተር አሁንም ሊከፍልለት ዝግጁ ነበር። ስቱ ሊጀመር ደቂቃዎች ሲቀሩት አልችልም አለ። ያ ጣሪያ ያለው ቦታ፣ ሕይወቱን ሙሉ ያተረፈበት ብቸኛ ቦታ፣ ወንበር አዘጋጅቶ ጠበቀው፤ እሱ ግን ከሆቴል ክፍሉ አልወጣም።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ቦብ ስቱፓክ፣ ያ በ100 ሺህ ዶላር የተወራረደው ሰው፣ ዕዳውን ሊከፍልለትና ውድድሮች ላይ ሊያስገባው ተስማምቶ ጥቂት ገንዘብ በቅድሚያ ሰጠው። ስቱ ኦአሲስ የሚባል ርካሽ ሞቴል ክፍል ተከራየ። ኖቬምበር 22 ቀን 1998 በክፍል ቁጥር 6 ሞቶ ተገኘ። የሞተው ለዓመታት በወሰደው ዕፅ በተጎዳ ልቡ ምክንያት ነው። 45 ዓመቱ ነበር። ኪሱ ውስጥ 800 ዶላር ያህል ተገኘ። በሕይወቱ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ያሸነፈ ሰው ለቀብሩ የሚሆን ስላልነበረ፣ ስቱፓክ ከወዳጆቹ ገንዘብ አሰባሰበለት። በ2001 ስሙ በፖከር የዝና አዳራሽ ውስጥ ገባ።

ለእኛስ?

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከሁላችንም በተሻለ ፕሮባቢሊቲ የሚሠራ ልጅ ነበር። ፈተና ሲደርስ እሱ ነው የሚያስጠናን። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ቤቲንግ ቤት ቲኬት ሲቆርጥ ታገኙታላችሁ። የካፌ ገንዘቡን፣ ከዚያ የተበደረውን፣ ከዚያ ሁለተኛ የተበደረውን። ኦዱ ውስጥ የቤቱ ድርሻ እንደተቆረጠ ከእኔ በተሻለ ያውቃል። ማወቁ አላስነሳውም። እኔም ሂሳቡን እየደጋገምኩ ላስረዳው እሞክር ነበር፤ የሚያውቀውን ነገር።

ስቱ ኡንጋርን ካነበብኩ በኋላ የገባኝ ይህ ነው፦ ልጁ የጎደለው ሂሳብ አልነበረም። የጎደለው ከሱ ውጭ ያለ፣ ቆጥሮ የሚያቆም ሰው ወይም ሕግ ነው። ስለዚህ ሳስረዳው ከምውል፣ ደሞዝም ሆነ ኪስ ገንዘብ በገባ ቀን ይህን ያህሉን አንተ ያዝልኝ እንዲለኝ ብጠይቀው ይሻል ነበር። ከመቀመጣችሁ በፊት ጣሪያችሁን ለሌላ ሰው ንገሩ፤ የምትችሉ ከሆነ ገንዘቡንም ስጡት። ከተቀመጣችሁ በኋላ ለራሳችሁ የምትነግሩት ጣሪያ፣ በዓለም አንደኛ ለሆነው ተጫዋች እንኳን አልሠራም።